ቅዳሜ ዕለት ሁለታችንም ተቀበርን

የአቶ ደምሰውን ማረፍ ይህን የምታነቡ ሁሉ ከእኔ ቀድማችሁ ሰምታችኋል። ረቡዕ ማታ ዐርፈው ቅዳሜ ሲቀበሩ በዳላስና አካባቢው ያለ ወዳጅ ሁሉ መቃብራቸው ላይ ቆሞ ነበር። ከጎልማሳነታችን ጀምሮ ጓደኛቸው የነበርኩት እኔ ግን አልነበርኩም። ለምን እንዳልነበርኩ ልጽፍ ነው፤ በንዴት እንደምጽፈውም አስቀድሜ እናገራለሁ። አንቱ የምላቸው ልጆቻቸው ስለሚያነቡት ነው። በሕይወት ሳሉ አንቱ ብላቸው ኖሮ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

አቶ ደምሰው የኤርፖርት ሻትል አውቶቡስ ነጂ ነበሩ። አዲስ የመጣ ሰው ሻንጣውን ታቅፎ በር ላይ ሲደናገር ካዩ፣ ከሥራ ሲወጡ ተመልሰው በገዛ መኪናቸው ዘመዱ ደጅ ያደርሱታል። ይበልጥ የምናውቃቸው ግን በመርዶ ነው። ከአገር ቤት ሞት ሲሰማ እድራችን የሚልከው እርሳቸውን ነበር። ሳይነጋ ይመጣሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ በአጭሩ ይናገራሉ። ከዚያ ለቅሶው እስኪበርድ የሰውየውን ትከሻ ይዘው ይቀመጣሉ። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ልጅ እናቱ ሞታ ሳለ ዘመዶቹ «ደህና ናት፣ ስልኳ ተበላሽቶ ነው» እያሉ ሲያታልሉት ከረሙ። አቶ ደምሰው ይህን ሲሰሙ እንደዚያ የተቆጡበትን ቀን አላስታውስም። «መርዶ ባደረ ቁጥር ውሸት ይወልዳል» ብለው፣ ዘመዶቹን አስከትለው ሄደው ነገሩት።

በመጨረሻው ሳምንታቸው እኔ ቤት እየቀየርኩ ነበር። ከልጄ ከማህሌትና ከቤተሰቧ ጋር ከፋርመርስ ብራንች ወደ ሳክሲ ገባን። አቶ ደምሰው በሕመም ከስተው ሳለ መጥተው ጋራዥ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዝዙን ጀመር። «ያን ሶፋ ጣለው፣ እሱም እንደ አንተ ጡረታ ወጥቷል» አሉኝ። እኔም ጉልበቴን ላሳያቸው አንድ ትልቅ ካርቶን ሳነሳ ወገቤ ቋ አለ። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ትራስ ነው። በነጋታው እርሳቸው ሆስፒታል ገቡ፤ «ለምርመራ ነው» ተባልኩ።

የማህሌት ባል ቤተሰቦች ጋልቬስተን ባሕር ዳር የእንጨት ጎጆ አላቸው። «አባዬ፣ ሎንግ ዊክኤንድ ነው፣ ሪላክስ ታደርጋለህ። ስልክ ግን የለም፣ ኦኬ?» አለችና ስልኬን ወሰደችው። ዓርብ ልንሄድ የነበረውን ሐሙስ አደረገችው። እኔ ጅሉ፣ ዕረፍት ናፍቋት መሰለኝ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከአማቼ በተዋስኩት ቁምጣ አሸዋው ላይ ተጋደምኩ። የልጅ ልጆቼ እየተንጫጩ እስከ አንገቴ ቀበሩኝ። ሳቅሁ፤ ፎቶ ተነሣሁ። «ይህን ለደምሰው ላኪለት፤ አልጋው ላይ ሆኖ ይሳቅ» አልኳት ማህሌትን። ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ፀሐዩ መሰለኝ።

ሰኞ ማታ ወደ ቤት ተመለስን። ማክሰኞ ሳይነጋ የእድሩ ሽማግሌዎች መጡ። የሳክሲ ቤቶች እንደ መንታ ይመሳሰላሉና የጎረቤቴን በር አንኳኩ። እኔ በሬን ስከፍት ስሙን እንኳ የማላውቀው አሜሪካዊ በፒጃማው ከፊት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት ሽማግሌዎች ከኋላ ቆመዋል። እነርሱ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ሰውየው በእንግሊዝኛ «ስለ ጓደኛህ ሞት አዝናለሁ» አለኝ። ምን ፈልጋችሁ ነው ሲላቸው ነግረውት ኖሯል።

«ለጤናህ ብለን ነው የቆየነው» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«ታዲያ አሁን የማን ጤና ነው የተጠበቀው?» አልኩት። ወደ ማህሌት ዞሬ «ማን ፈቀደልሽ?» ብዬ ጮኽኩ።

«ጋሽ ደምሰው ራሳቸው ናቸው፣ አባዬ» አለች እያለቀሰች። «ሆስፒታል ሄጄ... ‘ወገቡን ታሟል፣ ልቡም ደካማ ነው፤ ባሕሩን አይቶ ይምጣ፣ ከዚያ ንገሩት’ አሉኝ። ፕሮሚስ አስደረጉኝ።»

ደምሰው፣ አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃን። ለሰው ሁሉ በጊዜው የነገርክ ሰው፣ ተራው የእኔ ሲሆን ከደባቂዎቹ ጋር አበርክ። ባሕሩ እንዳይቀርብኝ ብለህ ከቀብርህ አስቀረኸኝ። ትከሻዬን ይዞ የሚቀመጠው አንተ ነበርክ፤ እሱንም አላሰብክበትም። ትናንት መቃብርህ ድረስ መጥቼ ልሰድብህ አስቤ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ አፈር እንዳላነሳልህ ወገቤ እምቢ አለኝ። አጠገብህ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ያ እኔን የቀበሩበት አሸዋ ውስጡ ቀርቷል። አንተ ላይ አራገፍኩት። ድርሻዬ እሱ ነው።

አፈሩ ይቅለልህ የምልህ ንዴቴ ሲወጣልኝ ነው። እስከዚያው ትንሽ ይክበድህ።