ሴንሰሩን የሰረዝኩት እኔ ነኝ

ከዚህ ሳምንት በፊት ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። እናቴ አታውቀውም። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬም አታውቀውም። ለንስሐ አባቴ በጾም ቀን ወተት ያለበት ሻይ መጠጣቴን ሳይቀር ተናግሬያለሁ፤ ይህን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ይዤው ገብቼ ይዤው ወጥቻለሁ። ሰው አልገደልኩም፤ የሰው ዕቃም አልወሰድኩም። አንድ መስመር ሰረዝኩ። ቆይቼ ደግሞ አንዲት ወረቀት ከፋይል ውስጥ አወጣሁ። እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግኩ የመምህር ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ በአንድ የመድን ድርጅት ቅርንጫፍ የካሳ ክፍል ገባሁ። ሥራዬ መኪናቸው የተጎዳባቸውን ሰዎች ማመልከቻ ተቀብሎ ከውሉ ጋር ማመሳከርና ለኃላፊያችን ማቅረብ ነው። ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ፤ ወረቀት ግን አልፈራም። ማንም የማያነበውን የውል ትንንሽ ፊደል እኔ አነባለሁ።

በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር ፋራህ የሚባል የውሃ ቦቴ ሾፌር መጣ። ሸደር ላለው የስደተኞች ካምፕ ከጅግጅጋ ውሃ ያመላልስ ነበር። የቦቴው ባለቤት ድሬዳዋ ስለሚኖሩ ጉዳዩን የሚከታተለው እሱ ነው። የመኪናው የፊት መስታወት ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ከፊቴ ካለው መኪና ጎማ ሥር ድንጋይ ዘለለ» አለኝ። እርስዎ እያልኩ ስሙን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ ቦታውን ስጠይቀው ቆይቶ ሳቀ።

«እርስዎ አትበይኝ። እርስዎ የቢሮ ሰው ነው። አዴር በይኝ።»

አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። የሶማሌ አጎት የወንድሙን ልጅ የሚጠራት በራሱ መጠሪያ ነው፤ እሷ አዴር ስትለው እሱም መልሶ አዴር ይላታል። እዚህ ስላደግኩ ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ። እኔን ግን ማንም ብሎኝ አያውቅም ነበር። ፋራህ ወረቀቱን ፈርሞ ሲነሳ «እሺ አዴር» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እርስዎን ትቼ አንተ አልኩት። በዚህ ጽሑፍም እሱ እያልኩ የምጽፈው ስላላከበርኩት አይደለም።

ከድሬዳዋ ጋራዥ ያመጣው ፕሮፎርማ ሁለት መስመር ነበረው። አንዱ የፊት መስታወት መቀየር ይላል። ሁለተኛው በእጅ የተጨመረ ነው፤ ሴንሰር ካሊብሬሽን ይላል። መኪናው አዲስ ዓይነት ነው፤ ከፊት መስታወቱ ጀርባ፣ ከላይ በኩል፣ መንገዱን የምታይ ትንሽ ካሜራ አለችው። ከፊት እንቅፋት ካየች ሾፌሩን ሳትጠብቅ ፍሬን ትይዛለች። ፋራህ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልሎ አምጥቶ ነበር። «አማርኛዬን ከመንገድ ነው ያነሳሁት፤ እንግሊዝኛ ግን መንገድ ላይ አላገኘሁም። አንብቢልኝ» አለ። አነበብኩለት። መስታወቱ በተቀየረ ቁጥር ካሜራዋ በኮምፒውተር እንደገና መስተካከል አለባት፤ ካልሆነ የሌለ ነገር ልታይ ትችላለች ይላል። በእርሳስ አሰመርኩበት። ውሉንም አየሁ። የተሸፈነው ነገር ከጉዳቱ በፊት ወደነበረበት ይመለሳል ይላል። ካሜራዋ ካልተስተካከለች መኪናው ወደነበረበት አልተመለሰም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት ማለት አልችልም።

ፋይሉን ሳቀርብ ክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን። ኃላፊያችን ተጫዋች ሰው ናቸው። የጋራዡን የእጅ ጽሑፍ ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩትና፣ «ሳንሱር ነው የሚለው? ቦቴው ውሃ መጫን ትቶ ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ እንዴ?» አሉ።

«ፋራህን ሳንሱር ካደረጉትማ ምን ሊያወራ ነው» አለ የሒሳብ ሠራተኛው።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሴንሰር ነው ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሳቁ ስላላለቀ መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ ግን ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞረው በቁም ነገር ጠየቁኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጠይቀውኛል።

«ለመሆኑ ምንድን ነው?»

«ማስተካከያ ነገር ነው» አልኩ።

«ማስተካከያማ ጥገና ነው። ጥገና በእኛ አይሸፈንም፤ ሰርዢው።»

የመስታወቱ አካል ነው ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። መጽሐፉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ያሰመርኩበትን ገጽ አምጥቼ ማሳየት እችል ነበር። ምን ከለከለኝ? የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም ነበር። አዎ። ሰው ሲያየኝ ፊቴ ይቀላል። አዎ። እነዚህ ግን ምላሴን አልቆረጡትም። ሰረዝኩት። እኛ ቢሮ የተሰረዘ ነገር አጠገቡ አጭር ፊርማ ይደረግበታልና የስሜን ሁለት ፊደል አስቀመጥኩ። እሳቸው ቀለዱ፤ ሳንሱር ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ።

ለፋራህ ካሜራዋ አትሸፈንም አልኩት። ለባለቤቱ ደውሎ ሲነግራቸው፣ መድኑ ካልተቀበለው አያስፈልግም ማለት ነው ብለው ተዉት። እኔ ያልተናገርኩት ሦስት ቃል ድሬዳዋ ሲደርስ «አያስፈልግም» ሆነ። መስታወቱ ብቻ ተቀየረ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ፋራህ ተመልሶ መጣ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት እየበራ ነው። «ዓይኗ ተከፍቷል፤ የምታየውን ግን እንጃ» አለኝ። የነገረኝን በትንሽ ወረቀት ጻፍኩ፦ ሾፌር ፋራህ፣ ቢጫ መብራት፣ መስታወቱ ከተቀየረ ጀምሮ፣ ካሜራው ይሆን? ወረቀቷን ፋይሉ ውስጥ አስገባሁ። ለኃላፊያችን ማሳየት ማለት ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ መባል ነው። ስለዚህ ለፋራህ «ይጠፋል፤ ግድ የለም» አልኩት።

«አንቺ ካልሽ እሺ። አንቺ ተምረሻል» አለኝ።

ከዚያ ሦስት ወር አለፈ። አንድ ቀን በቀትር፣ ወደ ሸደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ካምፑ አጠገብ፣ ውሃ የሞላው ቦቴ ባዶ መንገድ ላይ በራሱ ፍሬን ያዘና ተጠምዝዞ በጎኑ ተጋደመ። ጀሪካን ይዘው የሚጠብቁት የካምፑ ሴቶች ሮጠው ደረሱ። መጀመሪያ ያወጡት ፋራህን ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚፈሰውን ውሃ የቀዱት። ሌላ ሰው አልተጎዳም። የእሱ የቀኝ ትከሻ ተሰብሮ ነበርና እጁ እስከ ዛሬ ከደረቱ በላይ አይነሳም።

ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ መሐንዲስ ለምርመራ እንደሚመጡ ተነገረን። በሚመጡበት ቀን ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። ትንሿን ወረቀት ከፋይሉ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። በዚያን ጊዜ ቋሚ ሠራተኛ ነበርኩ። የሙከራ ጊዜ የሚባል ሰበብ እንኳ አልነበረኝም።

መሐንዲሱ ጠየቁኝ። «ሾፌሩ መኪናዋ በራሷ ፍሬን ያዘች ይላል። መብራት እንደሚበራም ቢሮ መጥቼ ተናግሬያለሁ ይላል። የተመዘገበ ነገር አለ?»

«የተመዘገበ ነገር የለም» አልኩ።

አልነገረንም አላልኩም። የተመዘገበ የለም አልኩ። ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆንኩ ታያላችሁ? ሐሰት እንዳይሆንብኝ ቃል መርጬ ዋሸሁ፤ ወረቀቷ ግን እግሬ ሥር ባለው ቦርሳ ውስጥ ነበረች። ሰዎች ዓይናፋር ነች ይሉኛል። በዚያች ደቂቃ ግን የመሐንዲሱን ዓይን ቀጥ ብዬ እያየሁ ነበር የተናገርኩት።

ሪፖርቱ ሾፌሩ አንቀላፍቶ በድንገት ሲነቃ ፍሬን ሳይረግጥ አልቀረም የሚል ሆነ። ባለቤቱ ካሳቸውን አገኙ። ቦቴው ድሬዳዋ ሄዶ ሙሉ በሙሉ ሲሠራ ካሜራዋም አብራ ተስተካከለች፤ ያን ጊዜ ማንም ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። አዲስ ሾፌር ተቀጠረ። በእሱ እጅ መኪናዋ አንድም ቀን በራሷ አልቆመችም፤ ይህም በፋራህ ላይ ማስረጃ ሆነበት። ሠላሳ ዓመት ያለ አደጋ የነዳ ሰው ከእንግዲህ መሪ የሚሰጠው ጠፋ። በአንድ እጁም ቢሆን ትንሽ መኪና እነዳለሁ ቢል እንኳ፣ «ለሚተኛ ሰው?» ይሉታል።

ከቢሯችን አጠገብ ሾፌሮች የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት አለ። እኔ ከውስጥ ጥግ እቀመጣለሁ፤ እነሱ በረንዳው ላይ ናቸው። አንድ ቀን ፋራህ ሲያልፍ አንዱ ጠራው።

«አዴር ፋራህ፣ ያ ፍሬን የያዘልህ ጂኒ ዛሬ ፈቃድ ላይ ነው?»

«ጂኒ ቢሆን ክላክስም ይነፋልኝ ነበር» አለና አብሯቸው ሳቀ። «ዋላሂ፣ በራሷ ነው የያዘችው።»

የሚያምነው አልነበረም። በዚያ ሻይ ቤት ውስጥ እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ። ፋራህ በኋላ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ፤ ለመኪና በር ይከፍታል። ቤቴ በዚያ በኩል ስለሆነ በየቀኑ አልፈዋለሁ። በየቀኑም «ደህና ነሽ አዴር?» ይለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና ነኝ አልኩት።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ከባድ መኪና መስታወቱ ተሰብሮ መጣ። ፋይሉን የያዘችው አዲስ የተቀጠረች ልጅ ናት። ፕሮፎርማውን ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣችና፣ «ይቺ ሴንሰር የምትል ትሰረዝ?» አለችኝ። አይሰረዝም፤ የመስታወቱ አካል ነው አልኳት። አብሬያት ገብቼ ለኃላፊያችንም ያንኑ አልኩ። «እንደዚያ ነው? እሺ» ብለው ፈረሙ። በቃ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እኚያው ሰው፣ እዚያው ወንበር ላይ። ስንወጣ ልጅቷ፣ «አንቺ ግን ይህን በምን አወቅሽ?» አለችኝ።  ኃላፊዬን ፈርቼ ነው እያልኩ የኖርኩበት ምክንያት በዚያች አንድ ደቂቃ ከእጄ ወደቀ።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ። ሁለት ገጽ ሆነ። ምን እንደሰረዝኩ፣ ፋራህ ምን እንደነገረኝ፣ ምን ብዬ እንደመለስኩ፣ ለመሐንዲሱ ምን እንዳልኩ ሁሉንም አስቀመጥኩ። ትንሿን ወረቀት ከኋላው አያያዝኩ። ለቢሮው፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ለቦቴው ባለቤት የሚሰጥ ነው። ከሥራ ሊያስወጣኝ ይችላል። ይህን አውቄ ነው የጻፍኩት፤ ሐሳቤን አልቀይርም።

መጀመሪያ መስማት ያለበት ግን ፋራህ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። «አዴር፣ ዛሬ ቢሮ የለም፤ በሰላም ነው?» ብሎ የፕላስቲክ ወንበሩን ለቀቀልኝና እሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደሉን አያነብም፤ ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ግማሽ ላይ ስደርስ አንድ መኪና መጥቶ ክላክስ ነፋ። ተነስቶ በግራ እጁ በሩን ከፈተ፣ አስገባ፣ ዘጋ፤ ተመልሶ ተቀመጠና «ቀጥዪ» አለኝ። የተመዘገበ ነገር የለም የሚለው ጋ ስደርስ «ድገሚው» አለ። ደገምኩት። ሁለት ፊደል ፈርሜ የሰረዝኩበትንም መልሼ እንዳነብለት ጠየቀኝ።

ስጨርስ ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ።

«እኔ ራሴ ተኝቼ ይሆን እያልኩ ነበር» አለ። «ሚስቴን፣ ስቀመጥ እንቅልፍ ይወስደኛል ወይ እያልኩ እጠይቃታለሁ። ሁለት ዓመት።»

ይህን አላወቅኩም ነበር። ሥራውን የወሰድኩበት መስሎኝ ነበር፤ ለካ በገዛ ዓይኑ ላይ የነበረውን እምነትም ወስጄበታለሁ።

«ይህ ድሬ ይደርሳል?»

«ይደርሳል። ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ።»

ወረቀቱን ተቀብሎ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። ፊደሉን ባያነብም የፊርማ ቦታ የት እንደሆነ ያውቃል። ባዶ ነበር። እሱ ፊት ልፈርም ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። እውነት ለዚያ ይሆን? ወይስ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ መመለሻ እየተውኩ ነበር? ፋራህ ወረቀቱን መለሰልኝ።

«ይፈርሙበት» አሉኝ። «ሁለት ፊደል አይደለም። ሙሉ ስምዎን ከነአያትዎ።»

አዴር አላሉኝም። እርስዎ የቢሮ ሰው ነው ብለውኝ ነበር፤ እኔም ያንን ሆኜ ነው የተገኘሁት። ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልለመንኳቸውም። ለመንኳቸው ማለት አንድ ተጨማሪ ነገር ከእሳቸው ፈለግኩ ማለት ነውና። እናንተንም አልለምንም። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ነፋሱ እየገለበጠ ሲያስቸግረኝ አዩና ጎንበስ ብለው ዳሩን በግራ እጃቸው ያዙልኝ። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ጽፌ ፈረምኩ። እስክጨርስ ድረስ እጃቸውን አላነሱም።