የምክር ቤት አባሏ መርዶ፣ እኔ መኪና ውስጥ

መርዶ መቼ ነው የሚነገረው? ሰውየው ፈተና ላይ እያለ? ሥራ ላይ እያለ? ወይስ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ? ከአገሩ ወጥቶ የሚኖር ሰው ይቺን ነገር አንድ ቀን ሳይጠይቅ አይቀርም። እኔን ግን ባለፈው ማክሰኞ መኪናዬ ውስጥ ያፋጠጡኝ አንድ ሕንዳዊ አባት ናቸው።

በፖለቲካል ሳይንስ ከተመረቅኩ አምስት ወሬ ነው። «ሥራው» እስኪመጣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ እነዳለሁ። በየቀይ መብራቱ ኢሜይሌን ቼክ አደርጋለሁ... እስካሁን የመጣው «ስላመለከቱ እናመሰግናለን» ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሮድስ ራንች ከሚባል የታጠረ የመኖሪያ ግቢ አንድ ሽማግሌ ወደ ኤርፖርት ጫንኩ። አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዘዋል። ከግቢው በር ሳንወጣ ስልካቸው ጮኸ። በቋንቋቸው ሲከራከሩ «አሴምብሊ»፣ «ስፒከር» የሚሉ ቃላት ጆሮዬ ገቡ። እንደዘጉ አላስቻለኝም።

«ይቅርታ ሰር፣ የምክር ቤት ነገር ነው? እኔ ያጠናሁት እሱን ነው!»

በመስታወት አዩኝ። «እንግዲያው ይገባሻል» አሉ። «ታናሽ እህቴ የክልላችን ምክር ቤት አባል ናት። እዚያ አሁን ሌሊት ነው፤ ሲነጋ ረፋድ ላይ፣ የፓርቲዋ ሰው የሆነው የክልሉ ዋና ሚኒስትር ይቆይ ወይስ ይውረድ ተብሎ ድምፅ ይሰጣል። በአንድ ሰው ብልጫ ነው ያለው። እኩል ለእኩል ከወጣ የሚወስነው አፈ ጉባኤው ነው... እሱ ደግሞ ከድቶ ወደ ተቃዋሚው ዞሯል።»

«ታዲያ እህትዎ የት ናቸው?»

«ሪዞርት ውስጥ። ተቃዋሚው እንዳይገዛቸው ብሎ ፓርቲው አባላቱን በሙሉ እዚያ አስገብቶ ስልካቸውን ሰብስቧል። በር ላይ ዘበኛ አለ።»

ሳቄ መጣ። በአራት ዓመት ትምህርት እንዲህ ዓይነት ነገር አንድም ምዕራፍ ላይ አላየሁም! «ይሄማ ፊልም ነው!» ልል አፌን ስከፍት...

«እናታችን ከሦስት ሰዓት በፊት አረፈች» አሉ።

ሬዲዮውን ዘጋሁት።

«እህቴ አታውቅም። እኛ ጋ አስከሬን አይቆይም፤ ከቀትር በፊት የአስከሬኑ እሳት ይለኮሳል። እኔ አልደርስም። የምትደርሰው እሷ ብቻ ናት፣ መንገዱ የሁለት ሰዓት ነው። አሁን የደወለው የፓርቲው ሰው ነው። ድምፁ እስኪያልቅ መርዶውን ያዙት አለኝ። ከወጣች መንግሥቱ ይወድቃል። መንግሥቱ ከተረፈ ደግሞ ሚኒስትር ትሆናለች... ሃያ ዓመት የለፋችበት ነው።»

215 አውራ ጎዳና ላይ መኪናው እንደ ጉንዳን ተሰልፏል። ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን እኔ ዝም ማለት አልችልም።

«አይንገሯት ሰር። እኛም ጋ እንዲህ ነው የሚደረገው። ሰው ጉዳዩን ሲጨርስ፣ ዘመድ ከብቦት፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። እኔን ራሴን ያሳደገችኝ አክስቴ ስትሞት ፈተና ላይ ነበርኩ። ከተመረቅኩ በኋላ፣ በሞተች በሦስተኛው ሳምንት ነው የነገሩኝ። ባይሆን ኖሮ አልመረቅም ነበር።»

«በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ስለ እሷ ጠይቀሽ ነበር?»

«አዎ። ተኝታ ነው፣ ካርድ ጨርሳ ነው... እያሉ አንዴም አላገናኙኝም።»

«ምንም አልላክሽላትም?»

ዓይኔን ከመስታወቱ አንስቼ መንገዱ ላይ ተከልኩ።

«የምረቃ ፎቶዬን። ጋዋኑን ለብሼ... ስልኳ ላይ። ለምን አልመለሰችልኝም ብዬ ተቀይሜም ነበር።»

ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው ለዚያው የፓርቲ ሰው ደወሉ። ድምፃቸው ቀስ ብሎ ጀመረ... ከዚያ ጮኹ። ኤርፖርት ደርሰን ተሳፋሪ ማውረጃው ጋ ቆምኩ። ሂሳቡ ተዘግቷል፣ እሳቸው ግን አልወረዱም። አንዲት የመኪና አስተናባሪ መስኮቴን መታች፦ «ሂጂ! እዚህ ፓርክ ማድረግ አይቻልም!»

«አንድ ደቂቃ፣ በፈጠረሽ!» አልኳት... በአማርኛ። ደንግጣ ይሁን ገብቷት፣ ወደኋላ አለች።

ሰውየው ስልኩን አቀበላት መሰለኝ፣ የሴት ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ደስ ያላት ትመስል ነበር። ሽማግሌው ሁለት ቃል ተናገሩ።  እሷ አንዲት አጭር ነገር ብላ ዘጋች።

«ምን አለች?»

«‹ጫማዬን ስጡኝ› አለቻቸው፣ አጠገቧ ላሉት» አሉ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሌላ ምንም አላለችም።»

ሻንጣቸውን አውርጄ ስሰጣቸው ራሴን ዳሰስ አድርገውኝ ገቡ። እኔ ወደ መኪናው ተመለስኩ። በኔ ወሬ የሰው መንግሥት ልጥል ነው?

ጠዋት ዜናውን ፈልጌ አገኘሁት። አንድ ወንበር ባዶ። ድምፁ እኩል ለእኩል። አፈ ጉባኤው የራሱን ጨመረና... ዋና ሚኒስትሩ ከሥልጣን ወርዶ ወጣ።

ከሥር ኮሜንቱ ጎርፍ ነው። «ከሃዲ!» «በስንት ተገዛች?» «ይሄኔ ቤት እየሠራች ነው!» ስለ እናትየው አንድም ሰው አልጻፈም። ደሜ ፈላ። በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፦ «እናቷ ሞታባት ነው የሄደችው። ተዉአት።»

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣልኝ፦ «አንቺስ ስንት ከፈሉሽ?»

እናንተ በሽማግሌው ቦታ ብትሆኑ ትነግሯት ነበር ወይስ ድምፁ እስኪያልቅ ትይዙት ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ... እኔ እስካሁን ከራሴ ጋር አልተስማማሁም።