የወይዘሮ ኤድና አምስተኛ መስኮት

በነጭ አጋዘን መጠጥ ቤት የሚወራው እንዲህ ነው፦ ወይዘሮ ኤድና ስኬልስ በወጣትነታቸው ከአንድ እህል ነጋዴ ጋር ፍቅር ይዟቸው ነበር አሉ። ሰውየው ጥሏቸው ሲሄድ መንገዱን ላለማየት ብለው የመኝታ ቤታቸውን መስኮት በገዛ እጃቸው በጡብ ደፈኑት። ወሬው ከቢራው ጋር ይሞላል። አምና አንድ የነበረው ነጋዴ ዘንድሮ ሦስት ደርሷል፤ አንደኛው ከነብስክሌቱ ግድግዳው ውስጥ ነው ይባላል።

ወሬው ግን ትንሽ ችግር አለበት። ጡቡ ሁለት መቶ አርባ ዓመቱ ነው፤ ወይዘሮ ኤድና ሰማንያ ሦስት። ቢራ ፊቱ ተቀምጦ ማን ይቀንሳል!

ቤቱን ከመንገድ ላይ ላየው፣ ፎቶ ሊነሣ የተቀመጠ ባላባት ይመስላል። ቀይ ጡብ፣ በሩ መሐል ለመሐል፣ ግራና ቀኙ በሚዛን የተሰፈረ፣ ከላይ አምስት መስኮት። ከጓሮ ሲያዩት ግን ያው ባላባት ሱሪውን ረስቷል፤ ጎባጣ ጣሪያ፣ የተለጣጠፈ ግድግዳ፣ የዶሮ ቤት።

ወይዘሮ ኤድና በሃያ ዓመታቸው በዋናው በር ገቡ። በማግስቱ በዚያው ሊወጡ ሲሉ አማታቸው ክንዳቸውን ያዙ።

«በጓሮ ነው፣ ልጄ። ይሄ በር ለሙሽራና ለሬሳ ነው። የምትወጪበት ቀን ሲደርስ እኛ እንነግርሻለን።»

የዚያን ዕለት ጠዋት ሌላም ነገር ተማሩ። የመኝታ ቤታቸውን መጋረጃ ገለጥ ቢያደርጉ ግድግዳ ነው። ከውጭ ግን ከግራ ሁለተኛው መስኮት እሱ ነበር፤ በጡቡ ላይ መስታወቱ በጥቁር ቀለም፣ ፍሬሙ በነጭ ተሥሎ። ቀለሙን በየሦስት ዓመቱ መሰላል ላይ ወጥቶ ማደስ ደግሞ የቤቱ ምራት ሥራ ነበር።

«ሲሪል፣ እባክህ አፍርሰህ መስታወት አስገባልኝ» አሉት ባላቸውን። «በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቼ ካልሲህን እፈልጋለሁ።»

«የቤቱን ፊት ላበላሽ? ሰው ምን ይላል?»

«የተቀባ ጡብ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል እኮ!»

«ያውቃል። ግን ከመንገድ ላይ ያምራል።»

ይህን ንግግር አርባ አንድ ዓመት ተነጋገሩት። ከዚያ ሲሪል በዋናው በር ወጣ፤ በሩም ተዘጋ።

አሁን እውነተኛ መስኮት ያላቸው አራቱ ክፍሎች ያፈሳሉ፤ ከዝናብ የተረፈው ጨለማው መኝታ ቤታቸው ብቻ ነው። ሐኪሙም ባለፈው ወር ጉልበታቸውን አይቶ «ከገና በኋላ አልጋ ላይ ነው የሚውሉት» አላቸው። ቀሪ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት ግድግዳ ሲያዩ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጡቡን አፍርሰው መስኮት ለማስከፈት ፈቃድ እንዲሰጣቸው ለጥንታዊ ቤቶች መሥሪያ ቤት ጻፉ። ጫማው የሚያብረቀርቅ አንድ ወጣት መጣ፤ አንጋጦ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ወይዘሮ ስኬልስ፣ መስኮቱ ታሪካዊ ነው። አይነካም።»

«መስኮት አይደለም እኮ፣ የኔ ልጅ። ጡብ ነው።»

«አዎ፣ ታሪካዊ ጡብ። ቀለሙ ግን ደብዝዟል፤ ቢያድሱት ጥሩ ነው።»

በመስከረም የአሮጌ ቤቶች ጉብኝት ቀን ሆነ። ጡረተኛው ፖስተኛ ፐርሲ ሃያ ሰው ሰብስቦ ከግድግዳው ሥር ቆመ። ያንኑ የመጠጥ ቤት ወሬ ሲተርክላቸው ነጋዴዎቹን አራት አደረሳቸው። ለብስክሌቷም ደወል ገጠመላት።

ያኔ ዋናው በር እየጮኸ ተከፈተ።

የመንደሩ ወንዶች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፐርሲ አስከሬን ሣጥኑን በዓይኑ ፈለገ። በምትኩ ወይዘሮ ኤድና ምርኩዛቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ብቅ አሉ።

«ኤድና... ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ነጋዴ የለም፣ ፍቅር የለም፣ ብስክሌት የለም። መስኮትም ኖሮ አያውቅም፤ ቤቱን የሠራው ሰው ከመንገድ እንዲያምር አምስት አስመስሎ አራት ነው የከፈተው። እኔ አንድም ጡብ አልደፈንኩም። መስኮት ቢኖርማ፣ ፐርሲ፣ ስልሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አይበት ነበር።»