አክተሩ ማን ነው?

ከሱቄ ጀርባ ያሉትን ሦስት ክፍሎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራያለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከሚስማርና ከቆርቆሮ ቀጥሎ የማይበላሽ ዕቃ ተማሪ ነው፤ ጩኸቱ ብቻ ነው አስቸጋሪ። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ አንዲቱ ልጅ እሪ አለች። ኤሌክትሪክ የያዛት መስሎኝ ሮጥኩ። ስደርስ ሰባት ሆነው አንዲት ላፕቶፕ ከበው ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ይቅርታ! የሚያስፈራ ፊልም ነው" አለችኝ የጮኸችው። "ይግቡና ይዩ እንጂ፤ ከሥሩ በአማርኛ ተጽፏል።"

እርጥብ ጃንጥላዬን በር ላይ ትቼ ጄሪካን ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ፊልሙን ሳይሆን እነሱን ነበር የማየው። አንዱ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። ሌላው በፈራ ቁጥር ቆሎ ይዘግናል። አንዱ ደግሞ ሳቅ በሚያስፈልግበትም በማያስፈልግበትም ይስቃል፤ ከሁሉም የፈራው እሱ እንደሆነ ያስታውቃል። ፊልሙ የነጮች መንደር ውስጥ ስለሚኖር አንድ ጥቁር ሰው ነው። የሚስቀው ልጅ፣ "ደግነቱ እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሁላችንም አንድ መልክ ነን" አለ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ጥቁሩ ሰው መዶሻውን አነሣና የጋለ ብረት ላይ አሳረፈው። ፊልሙን አወቅሁት። ማወቅ ብቻም ሳይሆን ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ይጁቤ ላይ ለሕዝብ የተረጎምኩት እኔ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከማርቆስ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክና አንድ ከረጢት ካሴት ጭኜ ይጁቤ ገብቼ ቪዲዮ ቤት ከፈትኩ። አዳራሹ የእትዬ የሺ የቀድሞ ጠላ ቤት ነበር። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን ቀኑን ጨለማ እናደርገዋለን። ግድግዳው ጠላ ጠላ ይሸታል፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ገበሬ ደግሞ ጭቃና የረጠበ ጋቢ። እትዬ የሺ በር ላይ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ትሸጣለች። የስድስት ዓመት ልጇ ትርንጎ ድንቹን እየላጠች የተመልካቹን ጥርስ ስትቆጥር ትውላለች። "ይኼኛው አራት ነው ያለው፣ አለስልሽለት!" ትላለች ለእናቷ።

ሥራዬ ማይክ ይዤ መተርጎም ነበር። ድምፅ ማጉያው በሩ ላይ ተሰቅሎ ወደ ገበያው ይጮሃል፤ በሬ ሊሸጥ የመጣው ሰው ሰምቶ እንዲገባ። እንግሊዝኛዬ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ እዚያም ሁለት ዓመት ነው የቆመው። ግን ማን ይጠይቀኛል? ከንፈር ሲንቀሳቀስ እኔ እናገራለሁ። ሲሳሳሙ አሳልፋለሁ፤ ሲደባደቡ አስረዝማለሁ። የቪዲዮ ቤት ደንብ አንድ ብቻ ነው፦ ፊልሙ እንደ ጀመረ ተመልካቹ "አክተሩ ማን ነው?" ብሎ ይጠይቃል፣ አስተርጓሚው ይነግራል። አክተሩ አይሞትም። ሰው ልቡን ያለ ዋስ አያስይዝም፤ ማንን ቢወድ እንደማይከስር አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። አልፈርድበትም።

ጄኔሬተሩን የሚያንቀሳቅሰው አለኸኝ ነበር። እኩያዬ ነው፤ አባቱ አያ ታከለ የአካባቢውን ማረሻና ማጭድ ሁሉ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ናቸው። አለኸኝ አሥረኛ ክፍል ደርሷል። ሞተር ሲያንኮራፋ ሰምቶ በሽታውን ይናገራል። ዴኩ የካሴት ክር ሲበላ ፈትቶ የሚያጸዳው እሱ ነው። ወዳጄ ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንዲያ እል ነበር። እትዬ የሺ አረቄ ስትቀዳልን የእሱ መለኪያ ለብቻው ነው፤ መስኮቱ ሥር ተደፍቶ ይቀመጣል። የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል ይባላላ። እኔ የማርቆስ ልጅ ነኝ ብዬ በዚህ እስቅ ነበር። እስቃለሁ እንጂ መለኪያችንን ቀይሬ አላውቅም።

ሰኔ ነው። ጤፍ ሊዘራ መሬት የሚገለበጥበት ጊዜ፤ አያ ታከለ ደጅ ማረሻ የያዘ ሰው ከንጋት ጀምሮ ይሰለፋል። ትርንጎን ትኩሳት ይዟት ከጓዳ ከተኛች ሦስተኛ ቀኗ ነው። በገበያው ዋዜማ አዲስ ካሴት ደረሰኝ። አለኸኝ ዴኩን ሲሞክር ብቻውን እስከ መጨረሻው አየውና ፊቱ ተለውጦ መጣ።

"ይኼን ፊልም እኔ ልተርጉመው" አለኝ።

"ምን ነካህ?"

"ስለ እኛ ነው የሚያወራው። እኛ ስል... ገብቶኛል፣ አንድም ቃል አላመለጠኝም። ነገ ብቻ ማይኩን ስጠኝ።"

ሳቅኩ። "የቀጥቃጭ ልጅ ማይክ ይዞ? ሰዉ ተነሥቶ ቢወጣብኝስ?" ቀልድ አስመስዬ ነው ያልኩት። ቀልድ ግን አልነበረም፤ ሒሳብ ነበር። እሱም ገባው። "እንግዲያውስ አንተ ቀድመህ እየው" አለኝ። ጊዜ የለኝም አልኩት።

በማግስቱ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ፊልሙ ጀመረ። "አክተሩ ማን ነው?" አለ ከፊት አግዳሚ አያ ደምሌ፣ የእህል ነጋዴው፤ ድምፁ ያለ ማይክ የሚበቃ ሰው ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ነጭ ሽማግሌ አለ፤ ፈረስ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ይሰግድለታል። አንድ ጥቁርም አለ። እስከዚያ ቀን ባሳየኋቸው ፊልሞች ጥቁር ቀድሞ የሚሞተው ነው። "አክተሩ ባለ ባርኔጣው ነው!" አልኩ።

መጀመሪያ ሰዉ ከጥቁሩ ጋር ነበር። "የኛ ነው እኮ! ጸጉሩን አታይም? የኛ ነው!" እያሉ ያጨበጭቡለታል። ነጮቹ መንገድ ሲለቁበት፣ ውኃ በቅል ሳይሆን በእጁ ሲያጠጡት፣ "እነዚህ አረመኔዎች!" አሉ። አንዲት ሴትዮ እንባዋን በነጠላዋ ስትጠርግ አይቻለሁ። ከዚያ ጥቁሩ ከቤቱ ጓሮ ገባ፣ ወናፉን ነፋ፣ መዶሻውን አነሣ። ጭብጨባው ቆመ።

"ቀጥቃጭ ነው!" አለ አያ ደምሌ።

ቀጥሎ የነጮቹ ልጆች በየተራ እየቀዘቀዙ ወደቁ። ሐኪም መጣ፣ ራሱን ነቀነቀ። እናቶቹ በጣታቸው ወደ ጥቁሩ ቤት አመለከቱ። ይኼን የሚተረጉም ሰው ይጁቤ ውስጥ አያስፈልግም ነበር።

"ቡዳ ነው!" አለ ከኋላ አንዱ። "በላቸው!"

ነጋዴ ነኝ፤ ገበያው የጠየቀውን ነው የማቀርብ። "አዎ፣ ቡዳ ነው!" አልኩ በማይኩ። "በዓይኑ ነው የሚበላቸው!" አዳራሹ ተናወጠ። እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም፤ የፈረንጅ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የገባቸው ያን ቀን ነው። ያለቀሰችው ሴትዮ እንባዋን ሳታደርቅ "ይዟቸው እንዳይሄድ!" ትላለች። ነጮቹ ችቦ አብርተው ሲወጡ እልልታው ቀለጠ። በጣም የሚያስፈራ ፊልም ነበር፤ ማንም ግን አልፈራም። አሁን ሳስበው ሰው የሚፈራው አሳዳጁ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ ነው፤ የእኔ ተመልካቾች ከአሳዳጆቹ ጋር ነበሩ።

ድምፅ ማጉያው ውጭ እንደሚጮህ ረስቼዋለሁ። አለኸኝ ጄኔሬተሩ አጠገብ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ እያንዳንዷን ቃል ይሰማል።

ጥቁሩ በሩን ከፍቶ ወጣ። ችቦ የያዙት ከበቡት። ቆቡን አወለቀና ቀስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። እኔም ድምፄን አጎርንኜ፣ "'ቀጥሎ የልጅቷ ተራ ነው!' እያላቸው ነው" አልኩ።

በዚህ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ጄኔሬተሩ ጸጥ አለ። ብርድ ልብሱን ሲገልጡት የሰኔ ብርሃን ዓይናችንን ወጋው።

ወደ ጓሮ ወጣን። አለኸኝ ከሞተሩ አጠገብ ቆሟል፤ እጁ ዘይት ነው። "ለምን አጠፋኸው?" አለው አያ ደምሌ። አለኸኝ እኔን ነበር የሚያየው። አያ ደምሌ አንዴ እሱን፣ አንዴ የእትዬ የሺን ጓዳ አየ፤ ሌላውም ሰው ዓይኑን ተከትሎ አየ። እትዬ የሺ የድንች ቢላዋዋን እንደያዘች መጣችና ተንበረከከች።

"ልጄን ልቀቅልኝ" አለችው። "አለኸኝ፣ ባጠጣሁህ እጄ..." ለብቻው በተቀመጠ መለኪያ መሆኑን አልጨመረችም።

ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው በበላው ሰው ጸጉርና ልብስ ሲታጠን ነው ይባላል። "ጸጉሩን!" አሉ። ሦስት አራት ሰው እጁን ያዘው። እኔ ማይኩን እንደያዝኩ ነኝ። ኃይል የለው እንጂ እጄ ላይ ነበር። 'ፊልሙን አላውቀውም፤ የፈጠርኩት ነው' ማለት አሥር ቃል አይሞላም። ሕዝቡ ይስቅብኝ ይሆናል፤ ቢበዛ ካሴቴን ይሰብሩብኛል። ያን አሥር ቃል አልተናገርኩም።

አለኸኝ እጁን አስለቀቀ። አባቱ የሠሩለትን ቢላዋ ከወገቡ አውጥቶ ከግንባሩ በላይ ያለውን ጸጉር ራሱ ቆረጠ። የኮቱንም ጫፍ ቀደደ። ሁለቱንም እትዬ የሺ መዳፍ ላይ አኖረላትና ቀና አለ። ዓይኑ ከኔ ላይ ሳይነቀል ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል፦

"ልጅቷን ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። እሷ ከዳነች በኋላ እኔን የፈለጋችሁትን አድርጉኝ" አለ።

ጤና ጣቢያው ከገበያው ማዶ ነው፤ ጋቢ ሳይለብሱ የሚደርሱበት። ትርንጎን ግን አጠኗት። ሽታው አዳራሹ ድረስ ይመጣ ነበር። በሁለተኛው ቀን አያ ታከለ ቤት ላይ ድንጋይ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ሲነሣ ቤታቸው ባዶ ነበር፤ ወናፉን ይዘው፣ ብረት የሚቀጠቅጡበትን መስፍ ከብዷቸው ትተውት ሄደዋል። በአራተኛው ቀን ትርንጎ ሞተች። አያ ደምሌ በቀብሩ ላይ፣ "ጥሩ አድርገን አላጠንናትም፤ ጸጉሩ አነሰ" አለ። ማንም አልሳቀበትም።

ቪዲዮ ቤቱን ዘጋሁ። ኀዘን ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን የተሻለ ሥራ አግኝቼ ነው። መሬቱ ተገልብጦ አላለቀም፤ ማረሻ የሚሠራ ደግሞ የለም። ገበሬው የደነዘ ማረሻ ይዞ የአያ ታከለን ባዶ ደጅ ያያል፤ መስፉን የሚነካው ጠፍቷል። እኔ ከማርቆስ በአህያ ማረሻ አመጣሁ፤ በሁለት ገበያ አለቀ። ዛሬ ያለኝ ሱቅ፣ ሦስቱም የተማሪ ክፍሎች፣ የተነሡት ከዚያች ሰኔ ነው። ሰው እንዴት ጀመርክ ሲለኝ "በብረት" እለዋለሁ።

እሑድ ዕለት እንግዲህ ጄሪካን ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ልጆቹን የሚበላው ቡዳ አልነበረም። ባለ ባርኔጣው፣ የእኔ አክተር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የሸሸገው ነገር ነበር፤ ተማሪዎቹ እሱን ሲያዩ እንደገና እሪ አሉ። ችቦዎቹ መጡ። ጥቁሩ በሩን ከፍቶ ወጣ፣ ቆቡን አወለቀ። ጮኺዋ ልጅ ዓይኗን ሸፈነች። እኔ ግርጌውን አነበብኩ፦

"ልጅቷን ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። እሷ ከዳነች በኋላ እኔን የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።"

ለካ ያን ቀን አለኸኝ ማይኩን ብከለክለውም ተርጉሞት ኖሯል።

"ጋሼ፣ አስፈራዎት እንዴ?" አለ የሚስቀው ልጅ። ዝናቡ አባርቷል። ሱቅ ክፍት ትቻለሁ ብዬ ወጣሁ።

ጉንደ ወይን መግቢያ ላይ አንድ የብየዳ ቤት አለ። የብረት በሮች ደጁ ላይ ተደግፈው ይታያሉ፤ ባለቤቱ ከይጁቤ የመጣ ቀጥቃጭ ልጅ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ወደ ሞጣ ዕቃ ስወስድ ለዓመታት በዚያ አልፌያለሁ፤ እዚያ ስንደርስ ስልኬን የማየት ልማድ አለኝ። ከእሑዱ ፊልም በኋላ፣ ረቡዕ ዕለት ግን ሹፌሩን "ቁም" አልኩት። ቆመ። በተከፈተው በር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ይሠራል፤ የብየዳ መከለያ ፊቱን ሸፍኖታል። ከግንባሩ በላይ ያለውን ጸጉር ለማየት ሞከርኩ፤ አይታይም።

"ምን ሊገዙ ነው ጋሼ?" አለኝ ሹፌሩ።

ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው በንግድ፤ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም።

"ንዳው" አልኩት።