ያልታሸችው እግር

የምታሽበት ክፍል በካምፎር ዘይት ታውዷል። ወጣቷ ባለሙያ እጇን ከማሳረፏ በፊት «እማማ፣ ደም ግፊት አለብዎ? እግርዎ አብጦ ያውቃል? ደም የረጋበት እግር አይታሽም» ስትለኝ ሳቄ መጣ። እግሬ አብጦ ያውቃል ወይ! በንጉሡ ዘመን ነቀምቴን ሙሉ ያነጋገረች እግር ናት እኮ።

ያኔ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር አማቴ ቤት አራስ ነበርኩ። በአካባቢው አራስ ሁሉ የምትታሸው በአማቴ እጅ ነበር። እጃቸው መድኃኒት ነው ይባላል። በዚያ አገር አራስ ሳትታሽ ከአልጋ አትነሳም፤ ቅቤ እሳት ዳር ይለሰልስና ከአንገቷ እስከ ተረከዟ ትታሻለች። ለስለስ አድርጎ ያሸ ሰው ጉልበቱን ቆጠበ ተብሎ ይታማል።

እኔንም ጧት ጧት ያሹኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ግራ ባቴ አብጦ፣ ቀልቶ አደረ። አማቴ እጃቸውን አሳርፈው ወዲያው አነሱት። በመዳፋቸው ጀርባ አንዱን ባቴን፣ ቀጥሎ ሌላውን እየዳሰሱ ሙቀቱን አመዛዘኑ። «ይቺ አትታሽም» አሉና ትራስ አስደግፈውኝ ባሌን ሐኪም ቤት የሚያደርሰኝ ቃሬዛና ተሸካሚ ፍለጋ ላኩት።

እሱ ሳይመለስ እናቴ ከአገሯ ከኑኑ ቁምባ፣ ቅል ሙሉ ቅቤ ይዛ ደረሰች። ጎረቤቶቹም ተከትለዋት ገቡ።

«የሰው አራስ ሁሉ እያሹ የኔን ልጅ እንዲህ አብጣ ያስተኟት?» አለች እናቴ።

«ምራቷን ብትጠላት ነው» አለች አንዲት ጎረቤት።

እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ እግሬ ስትመጣ አማቴ መሀል ገቡ። «ሂንቱቂና! እንዳትነኳት! መጀመሪያ እኔን ግደሉኝ!» ብለው ጮኹ። ጎረቤቶቹን አስወጥተው በሩን ዘጉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ።

«የኔም ልጅ አራስ ሆና እግሯ እንዲህ ነደደ። በዚህ እጄ አሸሁላት። እያሸኋት ትንፋሽ አጠራት፣ ጭኔ ላይ ቀረች። ምን እንደገደላት አላውቅም። ይቺን ግን አላስነካም።»

እናቴ ቅሏን አስቀምጣ መሬት ተቀመጠች።

ሐኪም ቤት ተኝቼ ዳንኩ። እብጠቱ እስኪጠፋ አማቴ ራሴን፣ ትከሻዬንና መዳፌን ብቻ ያሹኝ ነበር፤ ደግሞ እንዴት አድርገው! ሐሜቱ ግን አልቆመም። እውነቱን ላውጣው ብላቸው «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ እስካለሁ የሷን ሞት ለገበያ ወሬ አልሰጥም» ብለው አስማሉኝ። ምራቷን የጠላች እየተባሉ ኖሩ። እኔ ግን እበግን ነበር፤ ዛሬም እበግናለሁ።

በቀብራቸው ቀን መዝሙሩ ጋብ ሲል አንዷ ከኋላዬ «ምራቷን እንኳ ሳታሽ ሞተች» ስትል ሰማሁ። ዞርኩ። በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ባቴን በጥፊ መታሁት።

«ያላሿት እግር ይቺውላችሁ! ዛሬ ቆሜ የምቀብራቸው በሷ ነው!»

ቄሱ መጽሐፋቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ወንዱም ሴቱም አበደች አለኝ፤ ይበለኝ። አላስረዳኋቸውም። አፈሩ ላይ ተደፍቼ «እናቴ፣ እናቴ» እያልኩ አለቀስኩ። በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም።