የዋንዛው ጨፋሪ

ባለቤቴ ነቀምቴ ውስጥ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳንወልድ፣ ቡርቃ ጃቶ በተከራየናት ቤት ከእናቴ ጋር ሦስት ሆነን እንኖር ነበር። እናቴና እሱ የሶዳ፣ የአማቾች፣ ወግ ነበረባቸው፤ አማትና አማች ፊት ለፊት አይቀመጡም፣ በቀጥታም አያወሩም። የሚባባሉትን የማደርሰው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ያረጀ መጽሔት ይዞ መጣ። ውስጡ አንድ ናይጄሪያዊ ቀራፂ ከነሐስ የሠራው ሐውልት ፎቶ አለ። በናይጄሪያ ኢግቦ የሚባሉት ሰዎች በበዓላቸው ጭንብል አጥልቀው፣ ሣር ለብሰው ይጨፍራሉ፤ ባለ ጭንብሉ የሞቱ አባቶች መንፈስ ነው ይላሉ። ቀራፂው ግን ጨፋሪውን እንዳለ አልቀዳውም። እግሩን አርዝሞ፣ ፊቱን አጥፍቶ፣ መዞሩን ብቻ ነው ያስቀረው።

«ነሐስ እንዲህ ከዞረ እንጨት ምን ያግደዋል?» አለኝ። ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ሥራ አቅርብ ተብሎ ነበርና፣ ግቢያችን ውስጥ የዋንዛ ግንድ አቁሞ በመሮ መፈልፈል ጀመረ።

እናቴ የወንጌል አማኝ ነበረች። «ንገሪያቸው፤ ጣዖት ከሠሩ እዚህ ቤት አልጸልይም» አለች። ነገርኩት።

«ጣዖት አይደለም፣ ጭፈራ ነው በያቸው።»

ሁለት ሳምንት ለፋ። እግሩና ጭንብሉ ሸጋ ሆነው ወጡ፤ ሣሩ ግን እምቢ አለው። እንደ መጥረጊያ ቀጥ ብሎ ቀረበት። ቅዳሜ ከሰዓት መሮውን ወርውሮ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እናቴ በመስኮት አይታው ኖሮ ወጣች፤ ለማድቤቱ ክዳን ከተከመረው ሣር አንድ እቅፍ አንስታ በመቀነቷ ወገቧ ላይ አሰረችው።

«አዮ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት እናቴን።

«ሣር ከሰው እኩል አይዞርም፤ ወደኋላ ይቀራል። ይዩ በያቸው።»

ዞረች። ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት! ሣሩ እየተንሿሿ ዘግይቶ ተከተላት፤ እሷ ቆማ እንኳ እሱ ገና እየዞረ ነበር። «ወንጌል ሳይገባኝ በፊት ሠርግ ቤት የሚስተካከለኝ አልነበረም» አለች እያለከለከች። ባለቤቴ ወጉን ረስቶ፣ አፉን ከፍቶ ያያታል። ከዚያ ብድግ ብሎ መሮውን ፍለጋ ሄደ።

ኤግዚቢሽኑ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ሐውልቱን ሁለቴ ዞረው።

«ጓድ፣ ይሄ ወዛደር ነው ገበሬ?»

«ጨፋሪ ነው።»

«ፊት የለው፣ ጡጫ የለው። ይነሳ!»

በጋሪ ጭነን መለስነው። እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ዓይኗን ከሐውልቱ ሳታነሳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ አናገረችው።

«ሶዳ፣ እኔ ክፍል ያስገቡልኝ።»

«ቶሌ፣ አዮ» ብሎ እሺታውን ራሱ ነገራት፤ ሐውልቱንም ከጋሪው አወረደ።

ሐውልቱ እስክትሞት ድረስ አልጋዋ አጠገብ ቆመ። የጸሎት ጓደኞቿ ተገርመው «ማሎ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲሏት፣ «የአማቼ እጅ ሥራ ነው» ትል ነበር። ሣር ታጥቃ መዞሯን ግን ለአንዳቸውም አልተነፈሰችም።