ቴሌቪዥን ያዘሉት እትዬ የሺ

ከጣርማ በር ስንመለስ ዝናብ የመታው ወፍራም የሱፍ ባና የደረቡ ሰው ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ። የረጠበ የበግ ጠጉር የላት፣ የጭስና የጭቃ ሽታ አንድ ላይ አለው። አጠገቤ ያለችው ልጅ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ግን ሳላስበው በሐሳብ ወደ ልጅነቴ፣ ደብረ ብርሃን እትዬ የሺ ቤት ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

እትዬ የሺ የመዘዞ ሰው ሲሆኑ ጠጉር እየፈተሉ የሚተዳደሩ ጎረቤታችን ነበሩ። በሰፈሩ ቴሌቪዥንና ዴክ ያለው እሳቸው ቤት ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆች ተሰብስበን የአምስቱን ጀግኖች ካርቱን እናይ ነበር። አንዱ ይበራል፣ አንዷ ግድግዳ በትከሻዋ ትገፋለች፣ ትንሹ ሲያስነጥስ አውሎ ነፋስ ይነሳል። እንግሊዝኛውን ማናችንም አንሰማም። እትዬ የሺም አይሰሙም፤ ግን ዝም አይሉም። "በዚህ ስስ ልብስ ሲበር ብርዱ አይጨርሰውም?" እያሉ ይቆጣሉ።

እንዲሁ ተቀምጦ ማየት ደግሞ የለም። ወንፈል አስገብተውናል። በየሳምንቱ የአንዳችን ቤት ጠጉር ይመጣል፤ ካርቱኑን እያየን ጉድፉን እንለቅማለን፣ እናፍታታለን። ዛሬ ለአንዱ እናት፣ በሚቀጥለው ለሌላው እናት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የአባቴን ባና አንገቴ ላይ አስሬ ከግንብ አጥር ላይ ዘለልኩ። መብረሬ ነበር። እግሬ ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ አስሮኝ እንደሄደ እናቴ፣ "ሁለተኛ እዚያ ቤት አትረግጪም!" ብላ ፈረደች። አልጋ ላይ ተኝቼ ያለቀስኩት ግን ለእግሬ አልነበረም። ባለፈው ቅዳሜ ትንሹ ጀግና ኃይሉን አጥቶ ነበር ያቆምነው። የማይረባቸውን ልጅ ጥለውት ይሄዱ ይሆን? እኔንስ ጓደኞቼ ይረሱኝ ይሆን? ሳምንቱን ሙሉ ስብሰከሰክ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ተራው የእኛ ቤት ነበር። በሩ ተንኳኳ፤ እናቴ ከፈተች። እትዬ የሺ ቴሌቪዥኑን በባና ጠቅልለው እንደ ሕፃን አዝለውታል። ከኋላቸው ልጆቹ ዴኩንና ገመዱን ተሸክመው ቆመዋል።

"ምንድን ነው ይሄ፣ እትዬ የሺ?"

"ወንፈል ነዋ! ተራው ያንቺ ነው፣ ጠጉሩን አውጪ።"

"የልጄን እግር ማሰበሩ አንሶ ቤቴ ድረስ ይዘውት መጡ?"

"ከበቅሎ የወደቀ ስንት አለ፤ በቅሎ የተወ አገር ግን አላየሁም። ወንፈል የገባ ሰው ቢታመም ተራው አይዘለልም። እሷ መምጣት ካልቻለች እኛ መጣን። ትመልሺናለሽ?"

ወንፈል ከደጅ አይመለስም። እናቴ ተነጫነጨች፣ ግን ከበሩ ዞር አለች።

ቴሌቪዥኑ እግርጌዬ ተቀመጠ። አራቱ ትንሹን ጥለውት አልሄዱም፤ እየተፈራረቁ ተሸከሙት። እኔ በደስታ ጮህኩ፣ እትዬ የሺ እልል አሉ። እናቴ ከጠጉሩ ቀና ብላ፣ "ያቺ ግድግዳ የምትገፋው እናት የላትም እንዴ፣ እንዲህ ስትለፋ?" ብትል ሳቃችን ቤቱን ሞላው። ከዚያ ወዲያ የሚከለክለኝ ጠፋ።

እትዬ የሺ ካረፉ ቆዩ። እግሬ ብርድ ሲበረታ ዛሬም ይቆረጥመኛል። ካርቱኑም አዲስ ምዕራፍ ወጥቶለታል፤ በምሳ ሰዓት ቢሮ ውስጥ በስልኬ አያለሁ። "ትልቅ ሰው ካርቱን ያያል?" ይሉኛል። አዎ፣ ያያል! እርስ በርሱ ሲጠላለፍ ለሚውል ሰው፣ የደከመን ጓደኛ አለመጣል የልጅ ጨዋታ ቢመስለው አይገርመኝም። እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ አላፍርበትም።

ባለፈው አለቃዬ በስተኋላዬ መጥተው፣ "ኧረ ደብቂው፣ ሰው ምን ይልሻል!" አሉኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩ፣ ድምፁን ጨመርኩና አጠገቤ ወንበር ሳብኩላቸው።